የብራና ሥዕል ትምህርትና የዛሬው ሠዓሊ

ሥዕል የሚወድ ልጅ ያላቸው ወላጆች ልጁን ምን እናስተምረው ብለው ሲመካከሩ፥ ከሚነሡት አሳቦች መካከል የአባቶቻችን የብራና ሥዕል ብዙ ጊዜ አይገኝም። የዘይት ቀለም ይነሣል፤ የሰውን መልክ አስመስሎ መሣል ይነሣል፤ በዚህ ዘመን ደግሞ በኮምፒዩተር የሚሠራው ሥዕል ይነሣል። የብራናው ሥዕል ግን የደብተራ ሥራ ነው፥ አለዚያም ለቱሪስት የሚሸጥ ዕቃ ነው ተብሎ ይታለፋል። በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ስለ ታለፈው ትምህርት ጥቂት ለማለት አስበናል። ስለ ቅርስ ጥበቃ በየጊዜው ብዙ ስለ ተባለ ያንን አንደግመውም። እኛ የምንጠይቀው፥ ይህ ሥራ ለነገው ሠዓሊ እጅና ዓይን ምን ያስተምራል? የሚለውን ነው።

ፈረንጆች በመጽሐፍ ቅጠል ላይ የሚሣለውን ሥዕል ሚኒያቸር ይሉታል። አያሌ ሰዎች ቃሉ «ትንሽ» ማለት ይመስላቸዋል። ምንጩ ግን በላቲን ቋንቋ ሚኒየም የተባለው ቀይ ቀለም ነው፤ መጽሐፍን በዚህ ቀለም ማስጌጥ ለሥራው ስም ሆኖ ቀረ፥ የትንሽነቱ ትርጉም የተጨመረው ከጊዜ በኋላ ነው። የእኛም ጸሐፊዎች የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ሲጽፉ ኖረዋል። የቀዩ ቀለም ቀንድና የጥቁሩ ቀለም ቀንድ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ጽሕፈቱና ሥዕሉም በአንድ ቅጠል ላይ ተዋውቀው የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው። ይህን ጉርብትና አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን፥ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

የጥበቡ ዕድሜ ረዥም መሆኑ የታወቀ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ብራናቸው በኦክስፎርድ ሲመረመር ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል፤ በዓለም ላይ ከተረፉት ባለ ሥዕል ወንጌሎች እጅግ ከቀደሙት ይቆጠራሉ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በ1280 ግድም የተጻፈ ነው። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፥ ማለት ከ1434 እስከ 1468፥ የእመቤታችን ሥዕል በሰፊው ተስፋፋ፤ በጣና በዳጋ እስጢፋኖስ ባለው የእንጨት ገበታ ላይ ስሙ የሰፈረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንም የዚያ ዘመን ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ግን የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ከውጭ የመጣውን የተቀበሉበት መንገድ ነው። በ1591 በሮም የታተመ አንድ የዐረብኛ ወንጌል በእጃቸው ገባ። ሥዕሎቹ በአውሮጳ ሥርዓት የተቀረጹ፥ ጥላ የበዛባቸውና ሰው የተጨናነቀባቸው ነበሩ። የእኛ ሠዓሊ ታሪኩንና የሰዎቹን አቋቋም ወሰደ፤ የጥላውን መስመር ግን ተወው፥ የኋላውን ሜዳ በወጥ ቀለም ሸፈነው፥ ዓይኑን አጎላው። መጽሐፉ ከሮም መጥቶ ሥዕሉ ጎንደሬ ሆነ። እንግዲህ የብራና ሥዕል ተዘግቶ የኖረ፥ ከሌላው ዓለም ጋራ ያልተገናኘ ጥበብ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢመለከቱ መልካም ነው። መቅዳት የሚያውቅ እጅ ምን እንደሚወስድና ምን እንደሚተው ያውቃል።

ወደ ትምህርቱ እንመለስ። ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገናኘው ከቆዳ ጋራ ነው። የፍየል ቆዳ ጥቂት ቀን በውኃ ተዘፍዝፎ ከቆየ በኋላ በአራት ማዕዘን የእንጨት ክፈፍ ላይ በገመድ ይወጠራል። የሥጋው ወገን በስለት ይፋቃል፥ በውኃና በሻካራ ድንጋይ ይታሻል፥ ይደርቃል፤ የጠጉሩም ወገን ይላጫል። ከዚያም በልክ ተቆርጦ፥ ዳር ዳሩ በወስፌ ተበስቶ፥ መስመር ይሰመርበታል። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ከመቶ በላይ የፍየል ቆዳ ሊፈጅ ይችላል። ይህን ድካም ራሱ ያልቀመሰ ተማሪ የትኛው ወገን ቀለም እንደሚጠጣ፥ የትኛው እንደሚገፋ፥ በየት በኩል እንደሚሳሳ ሊያውቅ አይችልም። ከሱቅ በተገዛ ወረቀት ላይ የሚሠራ ሰው ሲሳሳት ወረቀቱን ጨምድዶ ይጥላል። በብራና ላይ የሚሠራ ሰው ግን የጠፋውን በስለት ሊፍቀው ቢችልም፥ የተፋቀው ስፍራ ሻክሮ ሁለተኛውን ቀለም ያንጠፈጥፈዋል፤ ስሕተቱ ለዘመናት ይታይበታል። ስለዚህ እጁን ከማንሣቱ በፊት ዓይኑ ሥራውን ጨርሶ መገኘት አለበት።

ቀለሙም እንደዚሁ ነው። ጥቁሩ ከጥላሸትና ካረረ እህል ተወቅጦ፥ ከሙጫ ጋራ ተለውሶ፥ እየቦካ ለወራት ይቀመጣል። ለሥዕሉ ከሚሆኑት መካከል በድሮ ዘመን ብዙዎቹ በንግድ የሚመጡ ነበሩ፤ ሰማያዊው ኢንዲጎ፥ ቀዩ ሲናባር፥ ቢጫው ኦርፒመንት የተባለው ማዕድን ነበር። አረንጓዴ ሲፈለግ ኢንዲጎና ቢጫው ይቀላቀላሉ። (ኦርፒመንት አርሴኒክ ያለበት መርዝ ስለ ሆነ፥ ለጥንቱ ሥርዓት ባለን ፍቅር ተነሣሥተን ማንም ልጅ እንዲነካው አንመክርም፤ በሱቅ የሚሸጠው ቢጫ ይበቃዋል።)

ቀጥሎ የሚመጣው ሐረግ ነው። በመጽሐፍ ራስጌ ላይ ተጠላልፎ የሚወርደውን ጌጥ ያላየ የለም፤ እንዴት እንደሚሠራ ያሰበበት ግን ጥቂት ሰው ነው። ሁለት ወይም ሦስት ክር እየተቋረጠ ሲሄድ አንዱ አንድ ጊዜ በላይ፥ አንድ ጊዜ በታች ማለፍ አለበት። በአንድ ስፍራ ተራው ቢዛባ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል፤ ስሕተቱንም የሚያገኘው ወዲያው የተሳሳተበት ስፍራ ላይ አይደለም፥ ሦስት ጣት ያህል ከራቀ በኋላ ነው። ለልጅ አእምሮ ከዚህ የተሻለ የሒሳብና የትዕግሥት ማሠልጠኛ መኖሩን እንጠራጠራለን።

ከሐረጉ በኋላ ሰው ይመጣል። በብራናው ሥርዓት ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያየናል፥ ኃጥእ ግን ፊቱን ወደ ጎን አድርጎ በአንድ ዓይን ይሣላል። ይህ ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ነገር ነው። ያልታወቀው ግን ሥርዓቱ ለሠዓሊው የሚያመጣው ችግር ነው። ጥላ የለም፥ ርቀት የለም፤ ሰውን ክብ አድርጎ የሚያሳይ ብልሃት የለም። ቀዩ ካባ፥ ሰማያዊው መጎናጸፊያና ቢጫው ሜዳ እኩል በዓይናችን ፊት ይቆማሉ። እንግዲህ ገጹ እንዳይወድቅ የሚይዘው የቀለሞቹ ሚዛንና የመስመሩ ጥራት ብቻ ነው። የእጅ ጣት መስመር በጠጉር ውፍረት ብትሳሳት ባራኪው እጅ የተሰበረ እጅ ይመስላል። አንድ ክንድ በማትሞላ ገጽ ላይ ይህን ሚዛን መጠበቅ የተማረ ሰው፥ ነገ አንድ ሙሉ ግድግዳ ቢሰጠው አይደነግጥም።

ይህ ሁሉ የሚገኘው በመቅዳት ነው። መቅዳት የሚለው ቃል በዛሬ ሰዎች ዘንድ ክፉ ስም አለው፤ ልጁ የራሱን ይፍጠር እንጂ የሌላውን ለምን ይገለብጣል? ይባላል። በበኩላችን ይህን ክርክር እንደ ዜማ ትምህርት እናየዋለን። ተማሪው የመምህሩን ድምፅ እየተከተለ ሳይዘልቅ የራሱን ዜማ ሊያወጣ አይችልም። የሚጎዳው መቅዳቱ አይደለም፤ ቀድቶ ሳይጨርስ መሸጥ ሲጀምር ነው።

አሁን ወደ ዘመናዊው ሥነ ጥበብ እንሻገር። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረቱ፤ ትምህርት ቤቱም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል። ትምህርቱ በአውሮጳ አካዳሚዎች ሥርዓት የተቋቋመ ነበር፤ የሰውን አካል ከሕያው ሞዴል መሣል፥ ጥላና ርቀት፥ የዘይት ቀለም። ይህን አንነቅፍም፤ በዚያ ጊዜ በአገሩ ውስጥ ያልነበረውን ትምህርት ማምጣት ተገቢ ነበር። የነበረው ትምህርት ግን በአድባራቱ ዙሪያ እንደ ነበረ ቀረ፤ ሁለቱም በየበኩላቸው ሄዱ።

አፈወርቅ ተክሌ በለንደን ስሌድ ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ ባለ ሥዕል የሆኑትን የኢትዮጵያ ብራናዎች ለማጥናት በለንደን፥ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት መቀመጣቸው የታወቀ ነው። ይህን ነገር ስናስብ ሁለት ስሜት ይሰማናል። በአንድ ወገን ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ የአገሩን ሥራ በጥሞና ለማየት ባሕር መሻገር ነበረበት፤ በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ዛሬም በለንደን ናቸው። በሌላ ወገን ግን፥ በውጭ የተማረ ሰው ከትምህርቱ በኋላ ወደ ብራናው መመለሱ አንድ የጎደለው ነገር እንዳለ በራሱ ያወቀው መሆኑን ያሳያል።

የገብረ ክርስቶስ ደስታ ነገር ደግሞ የበለጠ ያሳስበናል። አባታቸው አለቃ ደስታ መጻሕፍትን የሚጽፉና በሥዕል የሚያስጌጡ የሐረር ሊቅ ነበሩ። ልጁ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምረው ሲመለሱ ያመጡት መልክ የሌለውን፥ በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚናገረውን ሥዕል ነበር። በ1960ዎቹ «ይህ ኢትዮጵያዊ አይደለም» የሚል ትችት በብዛት ደረሰባቸው፤ ያም ሆኖ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጣቸው። እኛ ግን ሥራዎቻቸውን ስናይ፥ ወጡን የቀለም ሜዳና ቁርጥ ያለውን ጠርዝ ስንመለከት፥ ከአባታቸው ገበታ ብዙ የራቁ መስለው አይታዩንም። የጎላ ዓይን አልሣሉም፤ የገጹን ሚዛን ግን ያውቁ ነበር።

እስክንድር ቦጎሲያን በለንደንና በፓሪስ ከርመው ከ1966 እስከ 1969 በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፥ ኋላም ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲኖሩ፥ የክታብ ጥቅልል ከአሳባቸው አልተለየም። ተማሪያቸው የነበሩት ዘሪሁን የትምጌታም የቀርከሃ ስንጥሮችን ደርድረው የጥቅልሉን ዓለም በአዲስ ገበታ ላይ አቆሙት። እነዚህ ሰዎች ከብራናው የወሰዱት አሠራሩን ነው፤ ገጹ እንዴት እንደሚከፈል፥ መስመር ቀለምን እንዴት እንደሚያጥር፥ ፊደልና ምስል እንዴት ጎረቤት ሆነው እንደሚኖሩ ወስደዋል።

ከእነርሱ በኋላ የመጣው ሁሉ እንደዚያ ነው ለማለት ግን አንደፍርም። በየሱቁና በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ የጎሉ ዓይኖችና ባለ ክንፍ ራሶች በሸራ ላይ ተለጥፈው እናያለን። ዓይኑ አለ፤ ዓይኑን የሠራው እጅ የለም። ሠዓሊው ከብራናው ሥዕል ምልክቱን ብቻ ወስዶ፥ ኢትዮጵያዊ መሆኑን በእርሱ ያስመሰክራል። በአንጻሩ ለገበያ በቁራጭ ብራና ላይ የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚሥለውን ባለሙያ አንንቀውም፤ ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበት ሥራ ነው፥ ቆዳ መፋቅም ከርሱ ጋራ ተርፏል። የምንቃወመው ሌላውን ነው፤ ሥዕል ከሌለው አሮጌ መጽሐፍ ላይ አዲስ ሥዕል እየጨመረ፥ አለዚያም ከጥንቱ መጽሐፍ ሥዕል ያለበትን ቅጠል እየቀደደ ለውጭ ሰው የሚሸጠውን። የመጀመሪያው መጽሐፉን ያስዋሻል፥ ሁለተኛው ያሳውራል።

ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ብቻ የተነሣ አይደለም፤ ሌሎች መልስ የሞከሩለት ነው። በፓኪስታን በላሆር ከተማ በ1875 የተመሠረተ የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ነበር፤ በ1958 ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተባለ። የሙጋል ነገሥታት መጻሕፍት ያጌጡበት ጥቃቅን ሥዕል በዚያ አገር እንደ እኛው አሮጌ ሙያ ሆኖ ሊቀር ተቃርቦ ነበር። ኮሌጁ ግን ከቤተ መንግሥት ሠዓሊዎች ወገን የሆኑትን ሐጂ መሐመድ ሸሪፍን የመሰሉ ባለሙያዎች በመምህርነት አስገባ፤ በ1980ዎቹም በሠዓሊው በሺር አሕመድ መሪነት ተማሪ በዲግሪ የሚመረቅበት ራሱን የቻለ ትምህርት አደረገው።

ተማሪዎቹ መሬት ላይ ተቀምጠው፥ ሰሌዳውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይሠራሉ። ዋስሊ የሚባለውን ወረቀት በሊጥ እያጣበቁ ራሳቸው ያዘጋጃሉ፥ እስኪያበራ ድረስ ያሹታል። ብሩሹን ከሽኮኮ መሰል አውሬ ጅራት ጠጉር ያሥራሉ፤ ቀለሙን በባሕር ዛጎል ውስጥ ይይዛሉ። የጥንቱን ሥራ ከቀዱ በኋላ ነው የራሳቸውን እንዲሠሩ የሚፈቀድላቸው። ሻሕዚያ ሲካንደር የተባለች ተማሪ በ1989 እና በ1990 ለመመረቂያዋ የሠራችው ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል የሚበልጥ ጥቅልል ነው፤ በውስጡም ነጭ የለበሰች ልጅ በአንድ ዘመናዊ ቤት ክፍሎች ውስጥ ስትዘዋወር ትታያለች። የነገሥታት አደንና ሸንጎ በነበረበት ስፍራ ላይ የቤተሰብ ኑሮ ገባበት። ኢምራን ቁረሺ የተባለው ከዚያው ኮሌጅ የወጣ ሠዓሊ ደግሞ በ2013 በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰገነት ወለል ላይ ደም የመሰለ ቀይ ቀለም ረጭቶ፥ ከርጭቱ ውስጥ በጥቃቅኑ ሥዕል ሥርዓት የአበባ ቅጠል አወጣበት። ከላሆር የወጣው ሁሉ ደስ ያሰኘናል አንልም፤ አንዳንዱ የውጭ ገበያ ጠረን አለው። ነገር ግን ጥቅልሏም ሆነ ሰገነቱ እጁ አስቀድሞ ባይማር የማይሠሩ ነበሩ።

በእኛ አገር ቢሞከር የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቀዋለን። የላሆሩ ሥዕል የቤተ መንግሥት ነበረ፥ የእኛ ግን በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለጸሎት የሚሠራውን ሥራ ለፈተና ማርክ መስጠት አይገባም የሚሉ አሉ። ይህ ክብር ያለው አሳብ ነው። ሆኖም ቆዳ መፋቅ፥ ቀለም መበጥበጥና ሐረግ መጣል ለማንም የተከለከለ አይመስለንም፤ ቅዱስ ሥዕል መሣሉን ለባለቤቱ ትቶ እስከዚያ ያለውን ማስተማር ይቻላል። ሁለተኛው እንቅፋት የወረቀት ነው። ሠላሳ ዓመት ብራና የፋቀ መሪጌታ ዲግሪ ስለሌለው በኮሌጅ ሊያስተምር አይችልም ይባላል። የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች ይህን አንድ ደንብ ቢያሻሽሉት ከብዙ ዐውደ ጥናት የበለጠ ሥራ እንደ ሠሩ እንቆጥርላቸዋለን፤ መሪጌታው ደንቡ እስኪሻሻል ዕድሜ ቆሞ አይጠብቀውምና። በድሮው ሥርዓት ይህ ሙያ የወንዶች ሆኖ መኖሩንም አንርሳ፤ የላሆሯን ልጅ ያየ ወላጅ ሴት ልጁን ከዚህ ትምህርት የሚያርቅበት ምክንያት የለውም።

እስከዚያው ድረስ ግን ቤት ውስጥ መጀመር ይቻላል። ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎች በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀምጠው ከነርሱ ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ይታያሉ፤ ይሁን እንጂ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለ ሆነ ለመስመር እንጂ ለቀለም አይረዳም። ለቀለሙ የፓሪሱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ያወጣቸውን መመልከት፥ ከሁሉም በላይ ልጁን ይዞ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም መሄድ ይሻላል። ለመነሻ አንዲት ሐረግ ይበቃል። ወፍራም ወረቀት፥ ቀጭን ብሩሽ፥ ጥቁር፥ ቀይና ቢጫ ቀለም ይቅረብለት፤ ማስመሪያው ይወሰድበት። ሥራው በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል፥ በቀን ብርሃን ይሁን፤ መብራት ቀለሙን ይለውጠዋል። አንዱን ሐረግ ሳይጨርስ ሌላ አይሰጠው፥ ክሩ በተዛባበት ስፍራም ወላጅ ጣቱን አያሳየው፤ ራሱ ይፈልገው።